ስለ አካባቢ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ታሪክና ውጣ ውረድ፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ የቴሌቪዥን ወሬ ሲነሳ «የእኛን ከተማ ማን ያሳየናል?»፣ «ያ ጣቢያ የት ጠፋ?»፣ «ለምን ዲሹን በየጊዜው እናዞራለን?» የሚሉ ጥያቄዎች አይቀሩም። ከታች ያሉት በብዛት የሚመጡት ናቸው።

«የአካባቢ ጣቢያ» የሚባለው ምን ዓይነቱ ነው?

ብዙ ሰው በአካባቢው ቋንቋ የሚያሠራጭ ሁሉ የአካባቢ ጣቢያ ይመስለዋል። ቋንቋ ትልቅ ነገር ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በእኔ እምነት መለኪያው «ዘጋቢው የት ያድራል?» የሚለው ነው። አዌቱ ወንዝ ሞልቶ መንገድ ቢዘጋ፣ የቡና ዋጋ በአንድ ሳምንት ቢወርድ፣ ሒርማታ ገበያ ላይ እሳት ቢነሳ፣ ካሜራውን ይዞ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚደርስ ሰው ያለው ጣቢያ የአካባቢ ጣቢያ ነው። ሌላው መለኪያ ውሳኔው ነው። ዛሬ ማታ ምን ይቅረብ የሚለው የሚወሰነው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው ወይስ 350 ኪሎ ሜትር ርቆ? በዚህ ዓይን ካየነው፣ በአገራችን «የአካባቢ» የምንላቸው አብዛኞቹ ጣቢያዎች የክልል ወይም የአገር ጣቢያዎች ናቸው።

ቴሌቪዥን ወደ ኢትዮጵያ መቼ ገባ? ወደ ጅማ ለመድረስስ ለምን ዘገየ?

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ሥርጭቱም መጀመሪያ ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ አያልፍም ነበር። ቀለም የመጣው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። መስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በዓልና የኢሠፓን ምሥረታ ሲያከብር ነበር ባለቀለም ሥርጭቱ የተጀመረው።

ክፍለ ሀገራቱ ሥርጭቱን ያገኙት ቀስ በቀስ ነው። አንዱ ምክንያት ራሱ ሞገዱ ነው። የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ተንጸባርቆ ተመልሶ ስለሚወርድ ተራራ አያግደውም። የቴሌቪዥን ሞገድ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚጓዘው፤ ጋራ ከፊቱ ከቆመ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ምስሉን ከአንዱ ጋራ ተቀብሎ ለሚቀጥለው የሚያቀብል የማሠራጫ ጣቢያ በየከፍታው መትከል ግድ ይላል። በአዲስ አበባና በጅማ መካከል የጊቤ ሸለቆ ተንጣልሏል። ጅማ ራሷ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ፣ እንደ ጅረን ባሉ ኮረብቶች ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። አንዱ ሰፈር ጥርት ያለ ምስል ሲያገኝ ሌላው ጥላ ብቻ የሚያየው ለዚህ ነበር።

የዚያን ጊዜ አንቴና በረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ጫፍ ላይ ይታሰራል። አንዱ ውጭ ቆሞ እንጨቱን ያዞራል፤ ሌላው ከውስጥ «መጣ! ሄደ! እዚያው ተወው!» እያለ ይጮኻል። ቴሌቪዥን ያለው ሰው ጥቂት ስለነበር በቀበሌ አዳራሽ ወይም በጎረቤት ሳሎን ተሰብስቦ ማየት የተለመደ ነበር። የሁሉም ልጅ አባባ ተስፋዬን የሚያውቃቸው ከዚህ የተነሳ ነው። ተስፋዬ ሳህሉ ከጣቢያው መጀመሪያ አንስተው ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት የነገሩ ሰው ናቸው። አንድ ጣቢያ ብቻ መኖሩ ብዙ ጉዳት ነበረው፤ የአገር ልጅ ሁሉ አንድ ተረት ሰምቶ ማደጉ ግን ዛሬ የማይገኝ ነገር ነው።

ለምን ለረጅም ጊዜ አንድ ጣቢያ ብቻ ኖረ?

ሦስቱም መንግሥታት ቴሌቪዥንን በእጃቸው ይዘው መቆየት ስለፈለጉ ነው። ለግል ብሮድካስት በሩን በሕግ የከፈተው በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 178 ነው፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 533/1999 ተተካ። ይሁንና ሕጉ ወጥቶም የግል ኤፍኤም ሬዲዮ ቀድሞ መጣ፤ የግል ቴሌቪዥን ብዙ ዓመት ጠበቀ።

የክልል ጣቢያዎች ሲመጡ ለጅማ ምን ተለወጠ?

ብዙ ተለውጧል። በ1998 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የኦሮሚያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት፣ ዛሬ ኦቢኤን የምንለው፣ መቀመጫው አዳማ ነው። ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ሐዋሳ፣ ጅግጅጋ፣ ድሬዳዋና ሐረርም የየራሳቸው ጣቢያ አላቸው። ለጅማ ዞን ሰው የመጀመሪያው ትርፍ በራሱ ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ ሙሉ ቀን የሚያሠራጭ ጣቢያ ማግኘቱ ነው። ከዚያ በፊት አፋን ኦሮሞ በአገር አቀፉ ጣቢያ ላይ የተወሰነ ሰዓት ብቻ ነበረው። ገበሬው የራሱን ጎረቤት በራሱ አነጋገር ሲሰማ፣ ቴሌቪዥን የሌላ ሰው ንብረት መምሰሉ ይቀራል። ይህን ለውጥ ማቃለል አይገባም።

ግን ክልሉ ሰፊ ነው። ከወለጋ እስከ ቦረና፣ ከሐረርጌ እስከ ጅማ በአንድ የዜና ሰዓት ውስጥ ይሻማል። በአዲስ አበባ በኩል ሲኬድ አዳማ ከጅማ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስለዚህ ጅማ በዜና የምትታየው አብዛኛውን ጊዜ ባለሥልጣን ሲጎበኛት፣ ፕሮጀክት ሲመረቅ ወይም አደጋ ሲደርስ ነው። በመሐል ያለው ተራ ቀን፣ የከተማው እውነተኛ ሕይወት፣ ቦታ አያገኝም። ጎረቤቶቻችን ከፋዎች ይህን ይበልጥ ያውቁታል። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል እስኪሆን ድረስ የቦንጋ ሰው የክልሉን ጣቢያ የሚጠብቀው ከሐዋሳ ነበር።

የክልል ጣቢያዎች ሌላም ችግር አለባቸው። ገንዘባቸው ከክልሉ መንግሥት ካዝና ስለሚመጣ፣ የአስተዳደሩን ጉድለት እንደ ሥራቸው አድርገው መዘገብ ይከብዳቸዋል። ይህ የአንድ ክልል ጉዳይ አይደለም።

የግል ጣቢያዎቹስ?

ኢቢኤስ በ2000 ዓ.ም. ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ተነስቶ በሳተላይት መጣ። ቃና በ2008 ዓ.ም. የቱርክና የሌሎች አገሮችን ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ይዞ ብቅ ሲል የተመልካቹን ልማድ በጥቂት ወራት ውስጥ ቀየረው፤ የአገር ውስጥ የጥበብ ባለሙያዎችም «ገበያችንን ወሰደብን» ብለው አቤት አሉ። ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የጣቢያዎቹ ቁጥር በዛ። በውጭ አገር የተቋቋሙትም ነበሩ፦ ኢሳት በ2002፣ ኦኤምኤን በ2006 ዓ.ም. ሥርጭት ጀምረው ለዓመታት እየታፈኑም እየተቆራረጡም ታይተዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አገር ውስጥ ከተከፈቱት የግል ጣቢያዎች ስማቸው የገነነው ሁሉ መቀመጫቸው አዲስ አበባ ነው። ማስታወቂያ የሚሰጡት ድርጅቶች፣ አርቲስቶቹ፣ ስቱዲዮውም ያሉት እዚያ ስለሆነ ነው።

ዲሹን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያዞርነው ለምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ ዛሬም ይመጣል፤ በተለይ አሮጌ ሪሲቨር ከሳጥን ከሚያወጡ ሰዎች።

እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ናይልሳት በሚባለው አቅጣጫ ይገኙ ነበር። ያ ሳተላይት የሚቆመው በ7 ዲግሪ ምዕራብ ስለሆነ ከጅማ ሲታይ ወደ ምዕራብ፣ ከአድማስ 39 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ነው። ከዚያ የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስኢኤስ ከተባለው የሳተላይት ኩባንያ ጋር ተስማምቶ «ኢትዮሳት» የተባለውን አገልግሎት ጀመረ። ሳተላይቱ ኤንኤስኤስ 12 በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ይቆማል። ከጅማ ሲታይ ወደ ምሥራቅ፣ 65 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ማለት ነው። ሁለቱ እጅግ ስለሚራራቁ አንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት የሚታሰረው ሞገድ መቀበያ) ጨምሮ ሁለቱንም መያዝ አይቻልም፤ የዓረብ የፊልም ጣቢያዎችንም የሚፈልግ ሰው ሁለት ዲሽ ያስፈልገዋል።

ከነባሩ ሳተላይት ጋር ሲተያይ የተሻለ ነገር ተገኝቷል፤ የአገሪቱ ጣቢያዎች በአንድ ቦታ ተሰባሰቡ። የክረምቱ ችግር ግን አልቀረም። ዲሹ የሚቀበለውን ሞገድ ከባድ ዝናብ ይውጠዋል፤ ጅማ ደግሞ ዝናቧ የታወቀ ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ ዶፍ ሲወርድ ምስሉ ቢጠፋ ዲሹን አትነካኩ። ዝናቡ ሲያባራ ራሱ ይመለሳል።

ከአካባቢ ጣቢያ አንጻር ግን ሳተላይት አንድ ከባድ ጠባይ አለው። 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከሰማይ የሚመጣ ሥርጭት ለጅማም ለጅግጅጋም እኩል ይደርሳል። ኮረብታ ላይ የተተከለ አንቴና ግን ከተማዋንና ዙሪያዋን ብቻ ይሸፍናል። ሳተላይት ላይ የወጣ ጣቢያ ወጪው የአገር አቀፍ ነው፤ ወጪውን ለመሸፈንም አገር አቀፍ ተመልካች መፈለጉ አይቀርም። የአንድ ከተማ ጣቢያ መሆን የሚያቅተው እዚህ ላይ ነው።

ጅማ በቴሌቪዥን በሰፊው የታየችበት ጊዜ የቱ ነው?

እግር ኳስ ወዳጅ ከሆናችሁ መልሱ አይጠፋችሁም። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ዋንጫ አነሳ። ከተማው ያን ቀን እንዴት እንደነበረ ለመናገር ቃል ያጥረኛል። ግን የበለጠ የታየችው በ2013 ዓ.ም. ነው። የሊጉ አክሲዮን ማኅበር የሥርጭት መብቱን ለዲኤስቲቪ ሰጥቶ፣ ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ በተመረጡ ስታዲየሞች ሲካሄድ፣ ከአዲስ አበባ ቀጥሎ ተራው የጅማ ሆነ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም የተደረጉት ጨዋታዎች በሱፐርስፖርት በቀጥታ ተላለፉ። ሜዳው፣ ከጀርባው ያለው አረንጓዴ፣ የከሰዓቱ ደመና ሳይቀር ከአህጉሩ ዳር እስከ ዳር ታየ።

ያ ጊዜ ሁለት ነገር አስተማረ። የመጀመሪያው፣ ለሥርጭት የሚመች ቦታ እዚህ መኖሩን ነው። ሁለተኛው የሚያሳዝን ነው፤ የሥርጭት መኪናዎቹ ወደ ባሕር ዳር ሲነሱ ካሜራውም፣ መብራቱም፣ ባለሙያውም አብሮ ሄደ። ዲኤስቲቪ የክፍያ ጣቢያ ስለሆነም የጅማ ሰው የራሱን ስታዲየም የሚያየው ሆቴልና ግሮሰሪ ገብቶ ነበር።

ጣቢያዎች ለምን ይዘጋሉ ወይም ይዳከማሉ?

ሰው ብዙ ጊዜ መልሱን ፖለቲካ ላይ ይጥለዋል፤ ፖለቲካውም እውነት ነው። ኢኤንኤን የተባለው የዜና ጣቢያ በ2010 ዓ.ም. ሲዘጋ፣ የኦኤምኤን የአዲስ አበባ ቢሮ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ሲታሸግ ፖለቲካውን ሳያነሱ ማስረዳት አይቻልም። ግን ድምፅ ሳያሰማ ጣቢያን የሚገድለው ሒሳቡ ነው።

የእኛ የግል ቴሌቪዥን በብዛት የሚኖረው የአየር ሰዓት በመሸጥ ነው። አንድ አዘጋጅ የሳምንት አንድ ሰዓት ይገዛል፤ ስፖንሰር ራሱ ይፈልጋል፤ ካገኘ ያተርፋል፣ ካጣ ፕሮግራሙ ይቋረጣል። ትልልቆቹ ስፖንሰሮች የቢራ ፋብሪካዎች ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ሲያግድ፣ ከጤና አንጻር ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የጣቢያዎቹን ገቢ ግን በአንድ ጊዜ ቆረጠው። ተተኪ ገቢ ለመፍጠር ጊዜ አላገኙም።

ከዚያ የዶላሩ ጉዳይ አለ። የሳተላይት ኪራይ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ካሜራውም ሶፍትዌሩም እንዲሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ወደ 100 ብር ተጠጋ፤ ቆይቶም አለፈው። ገቢው በብር፣ ወጪው በዶላር የሆነ ድርጅት ከዚህ በኋላ መጀመሪያ የሚቀንሰው ምንድን ነው? ከከተማው ውጭ ያለውን ዘጋቢ ነው።

ከሁሉም በታች ያለው ምክንያት ግን የአካባቢ ማስታወቂያ አለመኖሩ ነው። ጅማ ውስጥ ማስታወቂያ የሚፈልግ ሰው ሞልቷል፦ ሆቴሉ፣ የግል ክሊኒኩ፣ የግንባታ ዕቃ መደብሩ፣ ቡና ቆልቶ የሚሸጠው ወጣት፣ በርጩማ የሚጠርበው ባለሙያ። አገር አቀፍ ጣቢያ ላይ ለመውጣት ግን አቅማቸው አይችልም፤ ቢችልም የመተማ ተመልካች ደንበኛቸው አይሆንም። ይህ ገንዘብ ከተማው ውስጥ አለ፤ የሚሰበስበው ጣቢያ ነው የሌለው።

በሌላ አገርስ የአካባቢ ጣቢያ ያዋጣል?

ያዋጣ ነበር፤ አሁን እየከበደ ነው። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1955 የጀመረው አይቲቪ በየአካባቢው የተለያየ ኩባንያ ይዞት የሚሠራጭ ነበር፤ ማንቸስተር የራሱ ነበረው፣ ስኮትላንድም የራሱ። አንዱ አንዱን እየገዛ ሄዶ በ2004 ሁለቱ ታላላቆች፣ ግራናዳና ካርልተን፣ ተዋሃዱ፤ የየአካባቢው ስምም ከስክሪኑ እየጠፋ ሄደ። ለንደንን በምታህል ከተማ እንኳ በ2014 የተከፈተው ለንደን ላይቭ በ2025 መጀመሪያ ተዘግቷል።

አሜሪካ ውስጥ የከተማ ጣቢያዎች እስከ ዛሬ የማታ ዜና ያቀርባሉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ የባለቤትነት ገደቡን ካላላ በኋላ ጥቂት ኩባንያዎች በመቶ የሚቆጠሩ ጣቢያዎችን ገዝተዋል። ስሙ የከተማው ሆኖ ይቀራል፤ የሚነበበው ጽሑፍ ግን ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚላክበት ጊዜ አለ። «ዘጋቢው የት ያድራል?» የሚለው ጥያቄ እዚያም ይሠራል።

ጅማ የራሷ ቴሌቪዥን ሊኖራት ይችላል?

ሕጉ አይከለክልም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሮድካስትን ለይቶ ያስቀምጣል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። የፖለቲካ ድርጅት ፈቃድ አያገኝም። ለጅማ የሚመቸው በእኔ አስተያየት የማኅበረሰብ ጣቢያው ነው፤ ትርፍ የማይፈልግ፣ የአካባቢው ሰው የሚያስተዳድረው።

ልምዱም የለም ማለት አይቻልም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ሬዲዮ ለዓመታት ሠርቷል፤ ፋና ኤፍኤም ጅማም በ98.1 ይሰማል። ዩኒቨርሲቲው ጋዜጠኝነት ያስተምራል። ተመርቀው የሚወጡት ልጆች ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መሄዳቸው ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ እዚህ ቢቀጠሩ ኖሮ ሬዲዮ የያዙት እጆች ካሜራም ይይዙ ነበር።

ቴክኒኩም ተቃሏል። በምድር ላይ የሚሠራጨው ዲጂታል ቴሌቪዥን፣ ዲቪቢ ቲ 2 የሚባለው፣ በድሮው የአንድ ጣቢያ ቦታ ላይ አሥርና ከዚያ በላይ ጣቢያዎችን ያሳፍራል። አንድ ከተማ ለብቻው ማሠራጫ መግዛት አያስፈልገውም፤ ኮረብታው ላይ ካለው የጋራ ማሠራጫ አንድ ቦታ ይከራያል። በአገራችን ከአናሎግ ወደ ዲጂታል የሚደረገው ሽግግር መጓተቱ ለጅማ ዓይነት ከተሞች የሚጎዳው ለዚህ ነው። ሽግግሩ ሲጠናቀቅ ለአነስተኛ ከተሞች የሚሆን ቦታ ተለይቶ እንዲቀመጥ ከአሁኑ መጠየቅ አለብን። ቦታው ሁሉ ለአዲስ አበባ ጣቢያዎች ከተከፋፈለ በኋላ መጠየቅ አያዋጣም።

መጀመሪያ ላይ የ24 ሰዓት ሥርጭት መመኘት ግን ስሕተት ነው። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በቀን አንድ ሰዓት፣ በየቀኑ ሳይቋረጥ፣ ይበቃል። የቡና ዋጋ፣ የውሃና የመብራት ማስታወቂያ፣ የትምህርት ቤት ውድድር፣ የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ።

ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ እያሉ ጣቢያ ምን ያደርጋል?

ፈጥነው የሚደርሱት እነሱ ናቸው፤ ይህን አልክድም። መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የማየው ስልኬን ነው። ግን የስልክ ገጽ የተሳሳተ ዜና ሲለቅ ማን ይጠየቃል? ፈቃድ ያለው ጣቢያ አድራሻ አለው፣ ኃላፊ አለው፣ ሕጉም ማረሚያ እንዲያወጣ ያስገድደዋል። በ2010ዎቹ አንዳንድ ከተሞችን ያመሱትን የሐሰት ወሬዎች ያየ ሰው ይህ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። ደግሞ ስማርት ስልክና ዳታ የሌላቸው እናቶች አሉ።

የድሮው የጅማ ቀረጻ የት ይገኛል?

ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ እወደዋለሁ። የጣቢያዎች የቪዲዮ ክር (ካሴት) እንኳ በዓለም ዙሪያ በብዛት ጠፍቷል፤ ቢቢሲ እንኳ እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹን ፕሮግራሞች ክሩን መልሶ ለመጠቀም ሲል ደምስሶባቸዋል። ከእኛ ከተማ የቀረው የሚገኘው በአብዛኛው በሰው ቤት ነው። የሠርግ፣ የምርቃትና የመውሊድ ቪዲዮ የቀረጹ ፎቶ ቤቶች ሳያስቡት የከተማውን ታሪክ መዝግበዋል፤ ሙሽሮቹ ከሚያልፉበት መኪና ጀርባ የድሮው ፈረንጅ አራዳ፣ ዛሬ የሌሉ ሱቆች፣ የተቆረጡ ዛፎች አሉ።

የቪኤችኤስ ክር በእርጥበት ይሻግታል፤ የጅማ አየር ደግሞ እርጥብ ነው። ቤታችሁ ክር ካለ፣ ነጭ ሻጋታ የሚታይበትን በምንም ዓይነት ማጫወቻ ውስጥ አታስገቡ፤ ማጫወቻውን በክሎ የሚቀጥለውንም ክር ያበላሻል። ደህናውን በደረቅ ቦታ፣ ቆሞ እንደሚቀመጥ መጽሐፍ አቁሙት። ወደ ኮምፒውተር አስገልብጡት፤ አንዱን ቅጂ እናንተ ጋ፣ ሌላውን ሌላ ቤት አኑሩ። በሽፋኑ ላይ ዓመቱን፣ ሰፈሩንና የሚታዩትን ሰዎች ስም ጻፉ። ስሙን የሚያውቁት አዛውንት በሕይወት እያሉ ጠይቃችሁ ጻፉት።